ለድረ ገጽ የሚጻፉ ጽሑፎችን ለማሻሻል የዕለት ልምምድ ያለው ጠቀሜታ

ከአንድ ወረዳ ተነሥቶ የንግድ ፈቃዱን ለማሳደስ ወደ ዞን ከተማ የተጓዘ ነጋዴ መስኮቱ ዘንድ ከደረሰ በኋላ አንድ ሰነድ እንደጎደለው ሲነገረው፣ ከመሳፈሪያው ገንዘብ በተጨማሪ ሱቁን ዘግቶ የዋለበትን ቀን ያጣል። የሚያስፈልጉት ሰነዶች ዝርዝር በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ይሁንና ማስታወቂያው በረጅም መግቢያ ተጀምሮ፣ የመመሪያውን ቁጥርና ዓላማ ዘርዝሮ፣ ነጋዴው የሚፈልገውን ነገር አራተኛው አንቀጽ መጨረሻ ላይ ካስቀመጠው አልተጻፈም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕዝብ ግንኙነት ክፍሎች ለድረ ገጽና ለማኅበራዊ መገናኛ ገጾች የሚያዘጋጁት ጽሑፍ የአገልግሎት አሰጣጡ አንድ አካል ተደርጎ ሊታይ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መንግሥታዊ አካላት የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ እንዲመድቡ፣ ስለ ተግባራቸውና ስለሚሰጧቸው አገልግሎቶችም መረጃ ለሕዝብ እንዲያወጡ ግዴታ ጥሏል። የሚወጣው መረጃ በቀላሉ የሚነበብ መሆን አለመሆኑ ግን በአብዛኛው በጸሐፊው እጅ ያለ ጉዳይ ነው።

ሰዎች በኮምፒውተርም ሆነ በእጅ ስልክ ሲያነቡ እንደ መጽሐፍ ቃል በቃል አይከተሉም። የዴንማርክ ተወላጅ የሆኑት የድረ ገጽ አጠቃቀም ተመራማሪ ጃኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1997 ይፋ ባደረጉት ጥናት ከተሳታፊዎቹ 79 በመቶ የሚሆኑት አዲስ ገጽ ሲያጋጥማቸው በዓይናቸው እየቃኙ እንደሚያልፉ፣ ቃል በቃል የሚያነቡት 16 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አመልክተዋል። በዚያው ዓመት ከጆን ሞርክስ ጋር ባካሄዱት ሙከራ ደግሞ አንድ ጽሑፍ በግማሽ ያህል ሲያጥር ለተጠቃሚው ያለው ምቹነት በ58 በመቶ ተሻሽሏል። አጭር፣ ለዓይን ቅኝት የተመቸና ከማሞገሻ ቃላት የጸዳ ሲሆን መሻሻሉ 124 በመቶ ደርሷል። የመጨረሻው ነጥብ ‹‹አመርቂ ውጤት ተመዘገበ›› ማለት ለሚቀናቸው ገጾች ትኩረት የሚሻ ነው።

አማርኛ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ዓረፍተ ነገሩ በረዘመ ቁጥር አንባቢው ምን ተደረገ፣ ምንስ እንዳደርግ ተጠየቅሁ የሚለውን ሳያውቅ ብዙ መንገድ ይሄዳል። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ ያስጀመረው የተጠቃለለ ድረ ገጽ ለጸሐፊዎቹ ባወጣው መመሪያ ከ25 ቃላት የሚበልጥ ዓረፍተ ነገር እንዲከፈል ወይም እንዲያጥር ይመክራል። ‹‹እንዲያስመዘግቡ›› የሚለው አንድ የአማርኛ ቃል በእንግሊዝኛ በርካታ ቃላት የሚጠይቅ በመሆኑ በአማርኛ ጣሪያው ወደ 15 ዝቅ ቢል የሚበዛ አይደለም።

ለአብነት ያህል፣ በብዙ የማስታወቂያ ሰሌዳዎችና ገጾች ላይ የሚገኘውን ዓይነት አጻጻፍ መመልከት ይቻላል። ‹‹በመመሪያው መሠረት የአገልግሎት አሰጣጥ ሥርዓቱን ይበልጥ ቀልጣፋና ውጤታማ ለማድረግ እየተከናወኑ ካሉ ዘርፈ ብዙ ተግባራት ጋር በተያያዘ የፈቃድ እድሳት የሚፈልጉ ባለጉዳዮች አስፈላጊውን ማስረጃ አሟልተው በተቀመጠው የጊዜ ገደብ እንዲቀርቡ ይገለጻል።›› ይህ ጽሑፍ 28 ቃላት ፈጅቷል፤ ሆኖም ማስረጃው ምን እንደሆነም ሆነ ጊዜው መቼ እንደሚያበቃ አልተናገረም። ቀኑና ሰነዶቹ ለማሳያነት የተወሰዱ ቢሆኑም እንደሚከተለው ተስተካክሎ ሊጻፍ ይችላል፦ ‹‹ፈቃድ የሚያሳድሱ ነጋዴዎች እስከ ታኅሣሥ 30 ድረስ ይቅረቡ። የቀድሞውን ፈቃድ፣ የግብር ክሊራንስና የታደሰ መታወቂያ ይዘው ይምጡ።›› እዚህ ላይ ቃላቱ 16 ሲሆኑ ባለጉዳዩ ሳይጠይቅ ሊነሣ ይችላል።

የመጀመሪያውን ዓይነት አጻጻፍ በሦስት ቀን ሥልጠና ማስወገድ አዳጋች ነው። በአዳማ ወይም በቢሾፍቱ አዳራሽ የሚሰጥ ሥልጠና ዕውቀት ያስጨብጣል፤ ሰልጣኙ ወደ ቢሮው ሲመለስ ግን ለዓመታት የለመደው የደብዳቤ ቋንቋ ጠረጴዛው ላይ ይጠብቀዋል። ልማድን የሚለውጠው ሌላ ልማድ እንደመሆኑ መጠን አጭር ቢሆንም በየቀኑ የሚደረግ ልምምድ ያስፈልጋል።

ለዚህ አባባል የጥናት ድጋፍ አለ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሮበርት ቦይስ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ጥናት የዩኒቨርሲቲ መምህራንን በሦስት ቡድን ከፍለው የአንድ ዓመት የጽሑፍ ሥራቸውን ተከታትለዋል። ሰፊ ጊዜ ሲያገኙ ብቻ የሚጽፉት በአማካይ 17 ገጽ፣ በየቀኑ የሚጽፉና የሚመዘግቡት 64 ገጽ ጽፈዋል። በየቀኑ ጽፈውና መዝግበው በየሳምንቱ ለሌላ ሰው ሪፖርት ያደረጉት ደግሞ 157 ገጽ ደርሰዋል። ብዙ መጻፍና ጥሩ መጻፍ አንድ እንዳልሆኑ ግልጽ ነው። ጥናቱ ትችትም ገጥሞታል፤ በኒውዚላንድ የኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ምሁር የነበሩት ሔለን ስወርድ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጽሑፍ በርካታ ውጤታማ ጸሐፊዎች በየቀኑ እንደማይጽፉ አሳይተዋል። ይሁን እንጂ ስብሰባ የሚያሳድደው የመንግሥት ሠራተኛ ሰፊ ነጻ ጊዜ እስኪያገኝ ቢጠብቅ ዓመቱ ሊያልፍ ስለሚችል አጭሩ የዕለት ልምምድ ለእርሱ የተሻለ አማራጭ ሆኖ ይታያል።

ሃያ ደቂቃ በቂ ነው። ይህ ጊዜ በአንድ የታወቀ ተግባር ላይ ቢታሰር ደግሞ የመጽናት ዕድሉ ይጨምራል። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘር እ.ኤ.አ. በ1999 ባቀረቡት ጽሑፍ ‹‹ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ›› ብሎ ቦታውንና ሰዓቱን ቀድሞ የወሰነ ሰው በጥቅሉ ብቻ ካቀደ ሰው ይልቅ ዕቅዱን የመፈጸም ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑን አብራርተዋል። ጠዋት ፊርማ ተፈርሞ ኮምፒውተር ሲከፈት፣ መልእክቶች ከመታየታቸው በፊት ያለው ጊዜ ለብዙዎች የሚመች ነው። መብራት ቢጠፋ ወረቀትና እስክሪብቶ ስለሚበቃ ልምምዱ አይቋረጥም።

በሃያው ደቂቃ የሚሠራው ከራሱ ከሥራው ቢወሰድ ይመረጣል። ቀደም ብሎ በመሥሪያ ቤቱ ገጽ ላይ የወጣ አንድ አንቀጽ ይመረጥና ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ምን ይዞ የሚሉት ጥያቄዎች መልስ ከላይ እንዲመጣ ሆኖ እንደገና ይጻፋል። ከዚያም ድምፅ ተሰጥቶ ይነበባል፤ ትንፋሽ የሚያሳጥር ዓረፍተ ነገር ጆሮ ላይ ወዲያው ይታወቃል። በመጨረሻም ስለ ጉዳዩ ለማያውቅ ባልደረባ፣ ለምሳሌ ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ ወይም ለሾፌር፣ ተሰጥቶ ‹‹ምን ይዘህ ትመጣለህ?›› ተብሎ ይጠየቃል። ባልደረባው ከተደናገረ ጽሑፉ ገና አልተጠናቀቀም።

ሌላው መንገድ ዕድሜ ጠገብ ነው። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በሕይወት ታሪካቸው እንደገለጹት፣ በወጣትነታቸው አንድን የተዋጣለት የጋዜጣ ጽሑፍ አንብበው የየዓረፍተ ነገሩን ሐሳብ በአጭሩ ይይዙና ለጥቂት ቀናት ያቆዩት ነበር። ከዚያ ማስታወሻውን ብቻ ይዘው በራሳቸው ቃል እንደገና ጽፈው ከዋናው ጋር በማስተያየት ስሕተታቸውን ያርሙ ነበር። በሳምንት አንድ ቀን ይህንኑ በአንድ ጥሩ የአማርኛ ዜና ወይም ማብራሪያ ላይ መሞከር ይቻላል።

የፊደል አጠቃቀም ከዕለት ልምምዱ ሊለይ አይገባም። ‹‹ሥራ›› እና ‹‹ስራ››፣ ‹‹ዓመት›› እና ‹‹አመት››፣ ‹‹ጸሐፊ›› እና ‹‹ፀሀፊ›› ለአንባቢ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሞክሼ ፊደላትን አቻ አድርጎ እንዲያይ ያልተዘጋጀ የመፈለጊያ ሥርዓት በአንዱ አጻጻፍ የተጻፈውን በሌላው ለሚፈልግ ሰው ላያሳየው ይችላል። በመሆኑም መሥሪያ ቤቱ የሚጠቀምባቸውን ቃላት አጻጻፍ በአንድ ደብተር እየመዘገቡ ወጥ ማድረግ የልምምዱ አካል ሊሆን ይገባል። ከዚሁ ጋር የሚነሣው ማኅተምና ፊርማ ያረፈበትን ደብዳቤ ፎቶ አንሥቶ የመለጠፍ ልማድ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ ከተካተተ በኋላ በፊደሉ በቀጥታ መጻፍ እየቻለ ሥዕል መለጠፍ ምክንያቱ ብዙም አይታይም። በሥዕል የተቀመጠ ጽሑፍ በቃል ፍለጋ ለማግኘት ያስቸግራል፤ ጽሑፍን ወደ ድምፅ በሚለውጥ መሣሪያ የሚያነቡ ዓይነ ስውራንም ሊያልፋቸው ይችላል። ደብዳቤውን ማያያዝ ካስፈለገ ይዘቱ በፊደል ተጽፎ ከሥሩ ሊያያዝ ይችላል።

ዘላቂነቱን የሚፈትኑ ወቅቶች ይታወቃሉ። በሰኔ በጀት ሲዘጋ፣ ዕቅድና ሪፖርት ሲደራረብ፣ እንግዳ ሲመጣ ሃያ ደቂቃ ላይገኝ ይችላል። በእንዲህ ያለው ቀን አንድ ርዕስ ብቻ አስተካክሎ መውጣት ከመዝለል ይሻላል። ቢዘለልም ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቻቸው በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን 96 ሰዎችን ይዘው ባካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው ጥናት አንድ ተግባር ሳይታሰብበት የሚደረግ ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀናት እንደሚፈጅ፣ ከሰው ሰውም ከ18 እስከ 254 ቀናት እንደሚለያይ ተመልክቷል። ጥናቱ በአመጋገብ፣ በመጠጥና በአካል እንቅስቃሴ ልማዶች ላይ የተመሠረተ ቢሆንም አንድ ቀን መዝለል ሂደቱን ይህ ነው በሚባል ደረጃ እንደማያደናቅፍ ማሳየቱ ለጽሑፍም የሚያበረታታ ነው።

ከጊዜ ጥበት ይልቅ የሚከብደው የማጽደቂያው ሰንሰለት ሳይሆን አይቀርም። ባለሙያው ያሳጠረውን ማስታወቂያ የቅርብ ኃላፊው መግቢያ ይጨምርበታል፤ የበላይ ኃላፊው ደግሞ የመመሪያውን ሙሉ ስም ወደ መጀመሪያው መስመር ይመልሰዋል። ለዚህ መፍትሔው ኃላፊዎችን በልምምዱ ማሳተፍ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ የድሮውና የተሻሻለው ጽሑፍ ጎን ለጎን ቢቀርብላቸውና ባልደረቦች ለየትኛው ፈጥነው እንደመለሱ ቢያዩ ክርክሩ ይቀላል። ይህ በቦይስ ጥናት ሦስተኛውን ቡድን ከሌሎቹ የለየውን የሳምንት ሪፖርትም ይተካል።

ውጤቱን ለመለካት የገጹ ጎብኚዎች ቁጥር ብዙ አይናገርም። ከዚያ ይልቅ የመረጃ ዴስክ ሠራተኛው በየቀኑ ‹‹ምን ይዤ ልምጣ?›› እና ‹‹እስከ መቼ ነው?›› ብለው በስልክ የሚጠይቁትን ባለጉዳዮች በደብተር ቢመዘግብ፣ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያው ዓርብ ዓርብ ቁጥሩን ተቀብሎ ብዙ ጥያቄ ያስነሣውን ማስታወቂያ የሰኞ ጠዋት መለማመጃው ሊያደርገው ይችላል።