የሰውን ቃል ማድረስ የሚማሩ ተማሪዎች



ልጃችንን ለመዳር ስንነሳ ምን እናደርጋለን? ሽማግሌ እንልካለን። ሽማግሌዎቹ ከልጅቷ አባት ደጅ ይደርሳሉ። ማን እንደላካቸው ይናገራሉ። የመጡበትን ጉዳይ ያስረዳሉ። የልጅቷን ወገን ቃል ሰምተውም ይመለሳሉ። እንግዲህ የሽማግሌ ሥራ ሁለት ነው። ቃል ያደርሳል፤ ቃል ይመልሳል።

ሽማግሌው የልጁን ነውር ደብቆ ቢያጋባስ? እያደር ይታወቃል። ትዳሩም ይፈርሳል። ያንን ሽማግሌ ሁለተኛ የሚሰማው ሰው የለም።

ዛሬ የምንነግራችሁ ይህን የመሰለ ሥራ ስለሚማሩ ተማሪዎች ነው። ሥራው የሕዝብ ግንኙነት ይባላል።

ሥራው ምንድን ነው?

አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ሆስፒታል ወይም አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከብዙ ሰው ጋር ይገናኛል። የሚሠራውን ለሕዝብ ማስረዳት አለበት። ሕዝቡ የሚለውንም መስማት አለበት። ይህን የሚሠራለት ሰው የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነው። ለጋዜጣና ለራዲዮ ዜና ጽፎ ይሰጣል። ማስታወቂያ ያዘጋጃል። የሰውን ቅሬታ ሰምቶ ለአለቆቹ ያቀርባል።

የተማሪዎቹ ክበብ

አሜሪካን አገር ይህን ሥራ የሚማሩ ተማሪዎች የራሳቸው ማኅበር አላቸው። የተቋቋመው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1967 ነው። ከዚህ በታች የምንጽፋቸው የአሜሪካ ዓመቶችም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ማኅበሩን ያቋቋሙት በሥራው ላይ የነበሩ ባለሙያዎች ናቸው። ዛሬ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ክበቦች አሉት።

ተማሪዎቹ ከክፍል ትምህርታቸው ውጪ ይሰበሰባሉ። መሪዎቻቸውን ከመካከላቸው ይመርጣሉ። በሥራው የቆዩ ሰዎችን ጠርተው ይጠይቃሉ። ዜና መጻፍና በሰው ፊት ቆሞ መናገር ይለማመዳሉ። በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ራሳቸው ቢሮ ከፍተው ይሠራሉ። ለትንንሽ ሱቆችና ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ማስታወቂያ ይጽፋሉ።

ከ1973 ጀምሮ ውድድርም አላቸው። አራት አምስት ሆነው ይቧደናሉ። ለሁሉም ቡድን አንድ ዓይነት ሥራ ይሰጣል። ሥራው አራት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ያጠናሉ። ቀጥሎ ያቅዳሉ። ከዚያ ይሠራሉ። በመጨረሻ ውጤቱን ይመዝናሉ።

በ2010 የተሰጣቸው ሥራ ስለ ሕዝብ ቆጠራ ነበር። አሜሪካን አገር ሕዝብ በየ10 ዓመቱ ይቆጠራል። የምክር ቤት ወንበር የሚከፋፈለው በቆጠራው ነው። ብዙ የመንግሥት ገንዘብም በቆጠራው መሠረት ይደለደላል። በዚያ ዓመት ቅጹ 10 ጥያቄ ብቻ ነበረው። ታዲያ ቅጹን ሳይሞሉ የሚቀሩ ሰዎች ነበሩ። ለምን?

አንዳንዱ ሰው ይፈራል። «የሰጠሁት መልስ ለፖሊስ ይደርስ ይሆን?» ይላል። ሕጉ ግን ይህን ይከለክላል። ሌላው ደግሞ ግራ ይገባዋል። ከወላጆቹ ርቆ የሚማር ተማሪ የት ይቆጠር? በአባቱ ቤት ነው ወይስ በሚማርበት ከተማ? መልሱ በሚማርበት ከተማ ነው። ይህን ያላወቀ ተማሪ ሳይቆጠር ይቀራል። ከተማውም ድርሻው ይጎድልበታል።

እንግዲህ «ቅጹን ሙሉ!» ብሎ መጮህ ብቻ አይበቃም። ሰው ያልሞላበትን ምክንያት ጠይቆ መስማት ያስፈልጋል። መልሱ የሚገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ጥናት መጀመሪያ የመጣውም ለዚህ ነው።

ይህ ሥራ ሰውን ሲጎዳ

በዚህ ሙያ መልካም ብቻ አልተሠራም። ክፉም ተሠርቷል። ሁለት ታሪክ እንንገራችሁ።

ኮሎራዶ በሚባል የአሜሪካ ግዛት የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ነበሩ። በ1913 ሥራ አቆሙ። ከኩባንያው ቤት ተባረሩ፤ ሉድሎ በሚባል ቦታ ድንኳን ተክለው ተቀመጡ። ሚያዝያ 20 ቀን 1914 ወታደሮች ተኮሱባቸው። ድንኳኖቹም ተቃጠሉ። ከአንዱ ድንኳን ሥር በተቆፈረ ጉድጓድ የተሸሸጉ 2 ሴቶችና 11 ልጆች ሞቱ።

ከዚያ በኋላ የኩባንያው ባለቤቶች አይቪ ሊ የሚባል ሰው ቀጠሩ። ይህ ሰው ቀደም ሲል፣ በ1906፣ ሥራዬ በግልጽ የሚሠራና እውነት ነው ብሎ ያወጀ ሰው ነበር። አሁን ግን የኩባንያውን ወገን የሚደግፍ ጽሑፍ አሳትሞ በተነ። በጽሑፉ ውስጥ የሠራተኞቹ መሪዎች ደመወዝ ከእውነቱ እጅግ በዝቶ ተጻፈ። በ1915 አንድ የመንግሥት ኮሚሽን ጠየቀው። እሱም ከኩባንያው ሰዎች የተሰጠውን ሳያጣራ እንደጻፈ ታወቀ።

ሁለተኛው ታሪክ የ1929 ነው። ኒውዮርክ ከተማ በፋሲካ ዕለት ወጣት ሴቶች በአደባባይ ሲጋራ እያጨሱ ሄዱ። ጋዜጦች የሴቶች የነፃነት ጉዳይ አድርገው ጻፉት። ነገሩን ያቀነባበረው ግን ኤድዋርድ በርኔይስ የሚባል የሕዝብ ግንኙነት ሰው ነበር። የቀጠረው ደግሞ የሲጋራ ኩባንያ ነው። ኩባንያው የፈለገው ሴቶችም ሲጋራ እንዲገዙ ነበር።

አያችሁ? አንደኛው ሳያጣራ ጻፈ። ሁለተኛው የላከውን ደበቀ። የአሜሪካ ባለሙያዎች በ1950 የሥነ ምግባር ደንብ አወጡ። የዛሬው ደንባቸው እውነት ተናገሩ፣ የምትናገሩለትን አትደብቁ ይላል። የክበቡ ተማሪዎችም ይህን ይማራሉ። ደንብ ስላለ ብቻ ሁሉም ያከብረዋል ማለት ግን አይደለም። ስለዚህ ጥንቃቄው የሰሚውም ነው።

ለእኛስ ምን ይጠቅመናል?

በእኛም አገር የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዎች አሉ። በ2000 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 590 ወጥቷል። በዚህ አዋጅ ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት አለው። ሕጉ የሚከለክላቸው አንዳንድ ነገሮች አሉ። የመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ጥያቄውን ተቀብሎ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ታዟል። ስለዚህ ይህ ሰው ተናጋሪ ብቻ አይደለም፤ ተጠያቂም ነው።

ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ስታነቡ ወይም በራዲዮ ወሬ ስትሰሙ ሦስት ነገር ጠይቁ።

1. ይህን የሚናገረው ማን ነው? የላከውስ ማን ነው?
2. ማስረጃው ምንድን ነው?
3. እኔ ብጠይቅ መልስ የሚሰጠኝ ማን ነው?

ሦስቱም ከተመለሱላችሁ፣ መልካም። አንዱ እንኳ ካልተመለሰ ለማመን አትቸኩሉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ተወያዩበት

በቀበሌያችሁ በቅርቡ የተለጠፈ ማስታወቂያ አለ? ሄዳችሁ አንብቡት። ሦስቱን ጥያቄዎች ጠይቁበት። የትኛው መልስ አገኘ? የትኛው ቀረ?