ቀጭን ጎማ፣ ከባድ አማና

ቅዳሜ የጂንካ ገበያ ቀን ነው። ከደጋው የሚወርደው ገበሬ፣ ከቆላው የሚመጣው አርብቶ አደር፣ ነጋዴውና ሸማቹ ከተማዋን ይሞሏታል። እኛም ከዙሁር ሶላት በኋላ ጎማ ልናስነፋ ወደ አንድ ጎሚስታ ጎራ ባልንበት ጊዜ የአንድ ወጣት ወንድማችን መኪና ዓይናችንን ሳበው። መኪናዋ ቪትዝ ናት። የኋላ ጎማዎቿ እንደ ማንኛውም ቪትዝ ናቸው፤ የፊቶቹ ግን የሞተር ሳይክል እንጂ የመኪና አይመስሉም።

«በስልክ ያየሁት ነው። የውድድር መኪኖች ፊታቸው እንዲህ ቀጭን ነው» አለን ደስ እያለው። ለዒድ እናቱንና እህቶቹን ይዞ አርባ ምንጭ ለመሄድ አስቧል። ጎሚስታው ጠጉራቸው የሸበተ አባት ናቸው። ጎማውን ዳሰስ አድርገው፣ «ልጄ፣ መሄዱንስ ይሄድልህ ይሆናል፤ ይቆምልህ እንደሆነ ግን እንጃ» አሉት።

ለመሆኑ ቀጭኑ ጎማ ከየት መጣ?

ድራግ ሬሲንግ የሚባለው ውድድር ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ሆነው በቀጥተኛ መንገድ ላይ የሚሽቀዳደሙበት ነው። የተለመደው ርቀት 402 ሜትር ገደማ ነው። በአሜሪካ ስፖርቱን የሚመራው ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1951 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ተወዳዳሪው ስኮት ካሊታ ሞተሩ ፈንድቶ መኪናው ሳይቆም ከመስመሩ በማለፉ ሕይወቱን አጣ። ከዚያ ወዲህ ለፈጣኖቹ መኪኖች ርቀቱ ወደ 305 ሜትር ገደማ ዝቅ ተደርጓል።

እነዚህን መኪኖች የሚገፋቸው የኋላ ጎማቸው ነው። ሲነሡ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚያዘነብል የፊት ጎማው ሥራ አቅጣጫ መያዝ ብቻ ይሆናል። ስለዚህም ቀላልና ቀጭን ያደርጉታል፤ የቸርኬው ስፋት ብዙውን ጊዜ 3.5 ወይም 4 ኢንች ነው። ፈጣኖቹ ለመቆም ደግሞ ፓራሹት ይዘረጋሉ። በኮንሶ ቁልቁለት ፓራሹት የሚዘረጋ ቪትዝ ግን እስካሁን አላየንም።

የእኛ መንገድና የእኛ መኪና

በእነ ቪትዝና በብዙዎቹ ትናንሽ መኪኖች ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሞተሩ ያለው ከፊት ነው፤ የሚጎትተውም፣ የሚጠመዘዘውም የፊት ጎማ ነው። ፍሬን በተያዘ ጊዜም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል ከግማሽ በላይ የሆነውን የማቆም ሥራ የሚሠራው እርሱ ነው። ሦስቱን ሥራ ለተሸከመ ጎማ ስፋቱን መቀነስ ከባዱን ሸክም ለደካማው ማሸከም ነው።

ከጂንካ ተነሥተን በቀይ አፈር በኩል ወደ ወይጦ ሸለቆ እንወርዳለን፤ ከዚያ ወደ ኮንሶ እንወጣለን። ስንመለስ ደግሞ የወጣነውን እንወርዳለን። ቆላው ይሞቃል፣ ፍሬኑም ይሞቃል፤ ከመታጠፊያው ማዶ የከብት መንጋ መንገዱን ሞልቶ ሊጠብቀን ይችላል። እዚያ ላይ የሚፈለገው ፍጥነት ሳይሆን መቆም ነው።

ቅጥነት ሁሉ ጥፋት ነውን?

«ታዲያ የላንድክሩዘሩስ ጎማ ቀጭን አይደለም?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። እውነት ነው። በአገራችን ጠጠር መንገዶች ብዙ ያገለገለው 7.50 በ16 ጎማ ስፋቱ ብዙ አይደለም። ነገር ግን ረጅምና ወፍራም ሽፋን ያለው፣ አንዱ ብቻ ከ1,000 ኪሎ በላይ እንዲሸከም የተሠራ ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው ስፋቱ ብቻ ሳይሆን አቅሙ ነው።

አቅሙ ከጎኑ ተጽፏል። 165/70 R14 81S ከሚለው ውስጥ 81 የሚለው ቁጥር አንዱ ጎማ 462 ኪሎ እንደሚሸከም፣ S የሚለው ፊደል እስከ 180 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንደሚፈቀድለት ያመለክታል። ከመኪናው ጋር ከመጣው ያነሰ ቁጥር ያለው ጎማ መግጠም ተገቢ አይደለም።

አንዳንዶች በኮፈኑ ውስጥ የምትመጣዋን ቀጭን ስኮርታ እንደ ዘወትር ጎማ ሲጠቀሙባትም አይተናል። እርስዋ T በሚል ፊደል የምትታወቅ፣ ከ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ የማይነዳባት፣ እስከ ጎሚስታ ለመድረሻ ብቻ የተሰጠች ናት። ነፋሷም 60 ነው፤ ከተራው ጎማ እጥፍ ያህል ማለት ነው።

ምን እናድርግ?

ቸርኬ መለወጥ የግድ ከሆነ የብሎኖቹ ቁጥርና ርቀት ከመኪናው ጋር መግጠሙን፣ የመሐሉ ቀዳዳ በልኩ መሆኑን፣ መሪው እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ ጎማው ከፍሬኑም ከአካሉም አለመነካካቱን እንይ። ብሎኖቹን ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተጓዝን በኋላ ደግመን እናጥብቅ። በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ከሆነ የፊትና የኋላው ቁመት መለያየት ጥርሶቹን ይጎዳል። የጎማውን ዕድሜም እንጠይቅ፤ ከጎኑ 2319 ተብሎ ከተጻፈ እ.ኤ.አ. በ2019፣ በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው።

ውድ አንባብያን፣ መኪና የራሳችን ሊሆን ይችላል፤ ከኋላ የተቀመጡት ነፍሶች ግን አማና ናቸው። በአላህ መመካትም ሰበብን ከማድረስ ጋር ነው።

ያ ወጣት ለጊዜው ዝም አለ። ከዚያም፣ «የድሮዎቹ ቤት አሉ» ብሎ በባጃጅ ሄደ። ለዐስር ሶላት ስናልፍ መኪናዋ በክሪክ ላይ ነበረች፤ ሽማግሌው የድሮውን ጎማ እየገጠሙ፣ እርሱ ደግሞ ብሎኑን እያቀበለ።