ተርጓሚውን ማን ተረጐመው?

አንድ ሰው በጠረጴዛው ላይ ካለው ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ በፕሮግራም ቋንቋ የጻፈውን ጽሑፍ በሥራ ላይ ለማዋል ሲፈልግ፥ ከእርሱና ከመኪናው መካከል አንድ አስተርጓሚ መቆም አለበት። መኪናው የሚያውቀው ቍጥር ብቻ ነው፤ ሰው ደግሞ በቍጥር ብቻ ብዙ ሊናገር አይችልም። ይህ በመካከል የሚቆመው አስተርጓሚ ኮምፓይለር ይባላል። ኮምፓይለርም ራሱ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራም ከሆነ ደግሞ እርሱንም የተረጐመ ሌላ ተርጓሚ መኖሩ የማይቀር ነው። እንግዲህ ያንን ተርጓሚ ማን ተረጐመው?

ኮምፓይለሩን ተሠርቶና ተሰናድቶ የሚቀበል ሰው ይህን ጥያቄ ሳያነሣ ሊኖር ይችላል። ምንጩን፥ ማለት ሰው አንብቦ የሚረዳውን ጽሑፍ፥ አምጥቶ በገዛ ኮምፒዩተሩ ላይ ኮምፓይለሩን ከመሠረቱ የሚሠራ ሰው ግን ከጥያቄው ሊሸሽ አይችልም። ተማሪዎችና ወጣት የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ይህን ሥራ አንድ ጊዜ እንኳ ቢሞክሩት መልካም ነው የምንለውም ስለዚሁ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ኮምፓይለሮች በሰው እጅ የተሠሩ ነበሩ። ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ስንጽፈው፥ ጆን ባከስና ጓደኞቹ በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ሠርተው በ1957 ዓ.ም. ያወጡት የፎርትራን ኮምፓይለር ለመኪናው ቋንቋ እጅግ በቀረበ ቋንቋ፥ ትእዛዝ በትእዛዝ የተጻፈ ነው። በ1962 ዓ.ም. ግን ቲም ሃርትና ማይክ ሌቪን በአሜሪካ በኤም.አይ.ቲ. የሊስፕን ኮምፓይለር በራሱ በሊስፕ ጻፉት። የሊስፕን ጽሑፍ እያነበበ ወዲያው የሚፈጽም ሌላ ፕሮግራም አስቀድሞ ስለ ነበረ፥ ኮምፓይለሩ በዚያ ላይ ቆሞ ራሱን ተረጐመ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቋንቋዎች ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል።

ለዚህ ነገር ከጓዳችን የቀረበ ምሳሌ የለም። ሊጥ በእርሾ ይቦካል፤ እርሾውም የሚገኘው ከቀድሞው ሊጥ ነው። ጤፉ የዛሬ ቢሆንም በውስጡ የሚሠራው የትናንቱ ነው። ኮምፓይለርም እንዲሁ ነው፤ አዲሱ በአሮጌው ይቦካል።

ለምሳሌ ያህል ጂ.ሲ.ሲ. የተባለውን ኮምፓይለር እንመልከት። ሪቻርድ ስቶልማን በ1987 ዓ.ም. ያወጣው ሲሆን፥ ምንጩ ማንም እንዲያነበውና እንዲያሻሽለው የተፈቀደ ነው። በ2013 ዓ.ም. ከወጣው 4.8 ከተባለው እትም ጀምሮ ግን ይህን የሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይለር ለመሥራት አስቀድሞ ሌላ የሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይለር ያስፈልጋል። የሚሠራውም ሰው ምንጩን አምጥቶ ይፈታዋል፤ ጂ.ኤም.ፒ.፥ ኤም.ፒ.ኤፍ.አር. እና ኤም.ፒ.ሲ. የተባሉትን ሦስት የሒሳብ ረዳቶች ያሰናዳል፤ የሥራውን ቦታ ከምንጩ ለይቶ ያበጃል። ከዚያም ኮምፒዩተሩ ምን ምን እንዳለው የሚመረምረውን ትእዛዝ ይሰጣል፤ በመጨረሻም ሜክ በሚለው ትእዛዝ ሥራውን ያስጀምራል። በተራ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ላይ ሥራው ብዙ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ሥራውን ለብዙ የፕሮሰሰር ክፍሎች በአንድ ጊዜ ማከፋፈል ይቻላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የራሱን ሚሞሪ ስለሚፈልግ፥ ሚሞሪው ትንሽ ከሆነ ጥቂት ሠራተኛ ማሰማራት ይሻላል።

ሥራው ሦስት ደረጃ አለው። በመጀመሪያ በኮምፒዩተሩ ላይ የነበረው አሮጌ ኮምፓይለር አዲሱን ይተረጕማል። ሁለተኛ፥ ይህ የተገኘው አዲስ ኮምፓይለር ያንኑ ምንጭ እንደ ገና ይተረጕማል። ሦስተኛ፥ ሁለተኛው ደግሞ ያንኑ ምንጭ ይተረጕማል። ከዚያ በኋላ ሁለተኛውና ሦስተኛው ይነጻጸራሉ። የመጀመሪያው የባዕድ እጅ ስላለበት ሊለይ ይችላል፤ ሁለቱ ግን አንድን ምንጭ አንድ ዓይነት ተርጓሚ የተረጐመው ስለ ሆነ አንድ መሆን አለባቸው። ልዩነት ቢገኝ አንድ ስሕተት አለ ማለት ነው፤ ሥራውም በዚያው ይቆማል።

ይህን ያየ ሰው አሁን ንጹሕ ነገር በእጄ ገባ ብሎ ሊያርፍ ይችላል። ነገር ግን ዩኒክስ የተባለውን ሥርዓት ከዴኒስ ሪቺ ጋር የፈጠረው ኬን ቶምፕሰን፥ በ1984 ዓ.ም. በታተመው የቱሪንግ ሽልማት ንግግሩ ይህን ዕረፍት አናወጠው። ያስረዳውም እንዲህ ነው፤ አንድ ተንኰለኛ ሰው፥ ኮምፓይለሩ የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን ፕሮግራም ሲተረጕም የምስጢር በር እንዲጨምርበት ያደርገዋል። ኮምፓይለሩ ራሱን ሲተረጕም ደግሞ ይህንኑ ተንኰል እንዲያስገባበት ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ተንኰሉን ከምንጩ ጽሑፍ ላይ ይፍቀዋል። ምንጩን የመረመረ ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ያገኘዋል፤ በተበከለው ኮምፓይለር እየተተረጐመ የሚወጣው አዲስ ኮምፓይለር ግን ምን ጊዜም የተበከለ ይሆናል። ጤፉ ንጹሕ ነው፤ ብልሽቱ በእርሾው ይተላለፋል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ደረጃ ተንኰሉን እኩል ስለሚወርሱ፥ እነርሱን ማነጻጸርም አያድንም።

መፍትሔ የፈለጉ ሰዎች ግን አልጠፉም። ዴቪድ ዊለር በ2009 ዓ.ም. ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፉ፥ ከሌላ ወገን የመጣ ሁለተኛ ኮምፓይለር ወስዶ የተጠረጠረውን ምንጭ በእርሱ መተርጐም፥ በተገኘውም ያንኑ ምንጭ እንደ ገና መተርጐም፥ ከዚያም ውጤቱን ከተጠረጠረው ጋር ፊደል በፊደል ማነጻጸር እንደሚገባ አስረዳ። የጎረቤት እርሾ ለምስክርነት ተጠራ ማለት ነው። ሌሎች ደግሞ እርሾውን ራሱን ወደ ማሳነስ ሄዱ። ጊክስ የተባለው የነፃ ሶፍትዌር ማኅበር ሠራተኞች በ2023 ዓ.ም. እንዳስታወቁት፥ 357 ባይት ብቻ ከሆነች፥ ሰው ቍጥር በቍጥር ሊመረምራት ከሚችል ፕሮግራም ተነሥተው፥ ደረጃ በደረጃ እየሠሩ እስከ ጂ.ሲ.ሲ. ደርሰዋል። እርግጥ ነው፥ ኮምፒዩተሩን የሠራው ፋብሪካና ሥራውን ሁሉ የሚያስተባብረው የኮምፒዩተሩ ሥርዓት አሁንም በእምነት የሚቀሩ ናቸው።

ከዚህ የምንማረው ሰውን ሁሉ መጠርጠርን አይደለም። ያለ እምነት የሚሠራ ሥራ የለም፤ ሐኪምንም፥ ድልድይ ሠሪንም እናምናለን። ነገር ግን በማንና በምን ላይ እንዳመንን ማወቅ የእኛ ፈንታ ነው። ዛሬ መዝገብ፥ ደመወዝና የሕዝብ ጉዳይ በኮምፒዩተር በሚያዝበት መሥሪያ ቤት የሚቀመጥ ወጣት፥ «መኪናው እንዲህ ብሏል» ብሎ ባለጉዳይ የሚመልስ ከሆነ፥ መኪናው የሚናገረው ሰዎች የጻፉትን፥ ሌሎች ሰዎችም የሠሩት አስተርጓሚ የተረጐመውን መሆኑን ሊዘነጋ አይገባውም።

ስለዚህ ወጣት አንባቢዎቻችን ሆይ፥ አንድ የዕረፍት ቀን ሲገኝ ምንጩን አምጡና ሞክሩት። ንባብ ያላስረዳውን እጅ ያስረዳልና። ከብዙ ሰዓት በኋላ ማነጻጸሩ ተሳክቷል የሚለው ቃል በወጣ ጊዜ ደስ ይበላችሁ፤ ደስታችሁም ሳይበርድ፥ በመጀመሪያው ደረጃ የተጠቀማችሁበትን ኮምፓይለር ከማን እንደ ተቀበላችሁት ጠይቁ።