ማሚቶና ማስተጋባት፤ በኮምፒዩተር ለሚቀናበር የቧንቧ ኦርጋን የሚያስፈልጉ ስያሜዎች

የሙዚቃ ማቀናበሪያ ሶፍትዌርን ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ ገና ከመነሻው አንድ ችግር ይገጥመዋል። እንግሊዝኛው «ኤኮ» እና «ሪቨርብ» ብሎ ለያይቶ የሚጠራቸውን ሁለት መሣሪያዎች፣ እኛ «ገደል ማሚቶ» በሚለው ስም አንድ ላይ መጠቅለል ይቀናናል። ነገሩ የቃል ማማር ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላከራከረ ነበር፤ ዳሩ ግን የካቴድራል ኦርጋን ድምፅ የሚሻ አቀናባሪ በስሙ ተመርቶ የተሳሳተውን መሣሪያ ቢከፍት፣ እያንዳንዱ ኅብረ ድምፅ ተቆራርጦ እየተመለሰ ሥራውን ያበላሽበታል።

ገደል ማሚቶ ከገደል ፊት ለፊት ቆሞ የሚጣራ ሰው ጥሪው ተለይቶ ሲመለስለት የሚሰማው ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 17 ሜትር ርቆ ካለ ግድግዳ ደርሶ ለመመለስ አንድ ዐሥረኛ ሴኮንድ ይወስድበታል፤ በዚህን ጊዜ ጆሮ የፊተኛውንና የተመለሰውን መለየት ይችላል። በትልቅ የድንጋይ ሕንፃ ውስጥ ግን ድምፁ ከግድግዳው፣ ከጣሪያው፣ ከወለሉና ከዐምዶቹ እየነጠረ አንዱ በሌላው ላይ ይደራረባል። ጆሮ ሊቆጥራቸው ስለማይችል የሚሰማው፣ ቤቱን ሞልቶ ቀስ በቀስ የሚከስም አንድ ድምፅ ነው።

ልዩነቱ በቧንቧ ኦርጋን ላይ ጎልቶ ይታያል። የፒያኖ ክር ከተመታ በኋላ ድምፁ በራሱ እየደከመ ይሄዳል። የኦርጋን ቧንቧ ግን ነፋስ እስካገኘ ድረስ ሳይደክም ይጮኻል፤ ጣት ከቁልፉ ላይ ሲነሣ ወዲያው ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ሕንፃው ነው። ስለዚህ ሕንፃው የመሣሪያው አካል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቀጫጭኖቹን ድምፆች አየሩ ራሱ ስለሚውጣቸው ቀድመው ይጠፋሉ፤ ወፍራሞቹ አብዛኛውን ጊዜ ይዘገያሉ። ይህን ያላገናዘበ ሶፍትዌር የሚያወጣው ድምፅ ከቆርቆሮ ቤት የመጣ ይመስላል።

ነገሩን በሥርዓት የለካው አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ዋላስ ሳቢን ሲሆን፣ ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1895 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። የድምፅ ምንጭ አድርጎ የተጠቀመው የኦርጋን ቧንቧ መሆኑ ለርእሳችን የተመቸ አጋጣሚ ነው። የመቀመጫ ትራሶችን ወደ አዳራሹ እያስገባ፣ ድምፁ እስኪጠፋ የሚወስደው ጊዜ በአዳራሹ ይዘትና ድምፅን በሚመጥጡት ነገሮች መጠን እንደሚወሰን አሳየ። ዛሬ «የማስተጋባት ጊዜ» ብለን የምንጠራው ልክ የድምፁ ኃይል ወደ አንድ ሚሊዮንኛ፣ ማለትም በ60 ዴሲቤል፣ እስኪወርድ ያለው ጊዜ ነው።

ኮምፒዩተር ሕንፃውን የሚተካበት መንገድ አንድ አይደለም። ማንፍሬድ ሽሮደር በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በቤል ቤተ ሙከራ የቀየሰው፣ ድምፁን እያዘገዩ መልሶ መደመር ነው። ሌላው ኮንቮሉሽን ይባላል። በአዳራሹ ውስጥ ፊኛ ይፈነዳል፤ ወይም ከወፍራም ወደ ቀጭን የሚወጣ ድምፅ ይለቀቃል። አዳራሹ የመለሰው ይቀረጻል፤ ኮምፒዩተሩም ለእያንዳንዷ የሙዚቃው ቅንጣት ያንኑ መልስ እየሰጠ ሁሉን ይደምራል። ሃውፕትቬርክና ግራንድኦርግ የተባሉት ሶፍትዌሮች ደግሞ የእውነተኛ ኦርጋን ቧንቧዎች አንድ በአንድ፣ ብዙ ጊዜም ከነሕንፃቸው፣ የተቀረጹባቸውን ስብስቦች ያጫውታሉ። ቁልፉ ሲለቀቅ የመክሰሚያው ቅጂ ይሰማል። አጭር ኖታ አዳራሹን ሳይሞላ ስለሚያልቅ፣ ለአጭርና ለረጅም ኖታ የተለያየ ቅጂ ያስፈልጋል። ከነሕንፃው በተቀረጸ ድምፅ ላይ ሌላ አዳራሽ ቢጨመርበት፣ ሁለት ቤቶች በአንድነት ይጮኻሉ።

ወደ ስያሜው እንመለስ። ለኤኮ «ማሚቶ»፣ ለሪቨርብ «ማስተጋባት» እንላለን። በግእዝ «ገብአ» ገባ፣ ተመለሰ ማለት ሲሆን፣ «አስተጋብአ» ሰበሰበ ማለት ነው። ተመልሶ የተከማቸ ድምፅን ለመሰየም ከዚህ የተሻለ ዘር ለማግኘት ያስቸግራል። «አስተጋብኦ» የሚለው ስም ቢያጓጓም፣ ግእዝ ያወቀ ሰው መሰብሰብ ብሎ ይረዳዋልና ትተነዋል።

ከስሞ እስኪያልቅ ለሚቆየው ክፍል «ጅራት» የሚለው የእንግሊዝኛ ግልባጭ ነው። «ርዝራዥ» ደግሞ በፖለቲካ መግለጫ ብዛት መልኩ ጠቁሯል። «ቅሪተ አካል»ን አርአያ አድርገን «ቅሪተ ድምፅ» ብንለው ይሻላል። ያላስተጋባውን ድምፅ «ደረቅ»፣ ያስተጋባውን «እርጥብ» ማለት በአማርኛ ስሜት አይሰጥም፤ «ጥሬ ድምፅ» እና «ያስተጋባ ድምፅ» ይበቃሉ። አዳራሹ ለፊኛው የሚሰጠውን መልስ «የምት ምላሽ» እንዳንለው፣ «ምት» በሙዚቃ ሌላ ሥራ ይዟል፤ ስለዚህ «ቅጽበታዊ ምላሽ» መርጠናል። «ኮንቮሉሽን»ን ግን ባለበት እንተወው፤ ተጠማዞ ከሚተረጎም በውሰት መቆየቱ ይቀላል።

የመሣሪያው ስም ራሱ ጥንቃቄ ይሻል። በከተማ አነጋገር «ኦርጋን» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ኪቦርድ ነው። ከግሪክ ወደ ግእዝ የገባው «አርጋኖን» ጥንታዊ ቢሆንም፣ ከመሣሪያው ይልቅ አርጋኖነ ማርያም የተባለውን መጽሐፍ ያስታውሳል። «የቧንቧ ኦርጋን» ያልነው በዚህ ምክንያት ነው።