ከጡት ካንሰር በኋላ፦ የወጣት ሴቶች ጥያቄና የሕክምና ሳይንስ

የጡት ካንሰር በብዛት የሚታየው ዕድሜያቸው በገፋ ሴቶች ላይ በመሆኑ፣ የምርመራው መርሐ ግብርም ሆነ የመድኃኒቱ ሙከራ ለረጅም ዘመን ሲታቀድ የኖረው እነርሱን ታሳቢ በማድረግ ነው። በአሜሪካ በየዓመቱ ከሚመዘገቡት አዳዲስ ሕሙማን መካከል ከ45 ዓመት በታች የሆኑት ከአሥር አንድ ያህል ብቻ ናቸው፤ የቁጥሩ ማነስ ግን የሕመሙን ክብደት አያቀልም። የወጣት ሴት ጡት ከስብ ይልቅ ወተት አመንጪና ደጋፊ ሕብረ ሕዋስ ስለሚበዛበት፣ ማሞግራፊ የተባለው የጡት ራጅ ዕብጠቱን ከጤናማው ሥጋ ለይቶ ለማሳየት ይቸገራል፤ በዚህ ዕድሜ የሚነሣው ካንሰርም በፍጥነት የሚያድግና የሆርሞን መድኃኒት የማይሠራበት ዓይነት የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

ሕክምናውም ቢሆን ከወጣቷ የሚጠይቀው ዋጋ የተለየ ነው። በፍጥነት የሚባዙ ሕዋሳትን የሚገድለው ኬሞቴራፒ እንቁልጢን፣ ማለትም የሴቷን እንቁላል የሚያዘጋጀውን አካል፣ ሊጎዳና ያለ ጊዜዋ እንድታርጥ ሊያደርጋት ይችላል። ካንሰሩ ኤስትሮጅን በተባለው ሆርሞን የሚያድግ ከሆነ ደግሞ የሆርሞኑን ሥራ የሚገታው ታሞክሲፈን ከ5 እስከ 10 ዓመት የሚወሰድ በመሆኑ፣ በ33 ዓመቷ የታመመች ሴት የመውለጃ ዘመኗ መድኃኒቱን ስትውጥ ሊያልፍባት ይችላል። ስለዚህ ከሕክምናው በኋላ የሚነሣው ጥያቄ ከሞት ስለ መትረፍ ብቻ ሳይሆን፣ የቀረውን ረጅም ዕድሜ በምን ትርጉም መሙላት እንደሚቻልም ጭምር ነው።

የሥነ ልቦና ሊቃውንቱ ሪቻርድ ቴደስኪና ሎረንስ ካልሁን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ሰው ከመከራ ጋር ታግሎ ለሕይወቱ አዲስ ትርጉም የሚያገኝበትን ለውጥ “ከመከራ በኋላ የሚመጣ ዕድገት” ብለው ሰይመው መለኪያ አዘጋጁለት። እንደ እነርሱ አስተምህሮ ዕድገቱን የሚያመጣው ሕመሙ ራሱ ሳይሆን፣ ሰውየው የፈረሰበትን የሕይወት እምነት መልሶ ለመገንባት የሚያደርገው ትግል ነው፤ ዕድገቱና ሥቃዩም በአንድ ሰው ውስጥ ጎን ለጎን ሊኖሩ ይችላሉ። ይህ ነጥብ ሊሠመርበት የሚገባው፣ ታማሚዋን “ለበጎ ነው” እያሉ ማጽናናት የሚወዱ ዘመዶች ሳያውቁት ሁለተኛ ሸክም ስለሚጭኑባት ነው። የራሷን ሕይወት በጸጥታ መቀጠል የመረጠች ሴት ከማንም ያነሰ ነገር አላደረገችም።

ይሁን እንጂ አንዳንዶቹ ሕመማቸውን ወደ አደባባይ ይዘውት ወጥተዋል። የፊላደልፊያዋ የሕግ ባለሙያ ፍራን ቪስኮ እ.ኤ.አ. በ1987 በ39 ዓመቷ፣ ገና ሕፃን ልጅ ይዛ፣ የጡት ካንሰር እንዳለባት ተነገራት፤ እ.ኤ.አ. በ1991 የተመሠረተው ብሔራዊ የጡት ካንሰር ጥምረትም የመጀመሪያ ፕሬዚዳንቱ አደረጋት። የጥምረቱ ግፊት የአሜሪካ ምክር ቤት ለጡት ካንሰር ምርምር 210 ሚሊዮን ዶላር በመከላከያ ሚኒስቴር በኩል እንዲመድብ ካደረጉት ምክንያቶች ዋነኛው ነበር። ከገንዘቡ ይልቅ ዘላቂ የሆነው ግን አሠራሩ ነው፤ በዚህ መርሐ ግብር የትኛው የምርምር ሐሳብ ገንዘብ ይገባዋል የሚለውን ከሳይንቲስቶች ጋር ተቀምጠው፣ ድምፅ ሰጥተው የሚወስኑ ከካንሰር የተረፉ ሴቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ ከ35 ዓመታቸው በፊት የታመሙ ሦስት ሴቶች በኒው ዮርክ ያንግ ሰርቫይቫል ኮአሊሽን የተባለውን የወጣቶች ማኅበር አቋቋሙ።

ወጣቶቹ ለሐኪሞቻቸው ደጋግመው ሲያቀርቡት ከነበሩት ጥያቄዎች አንዱ፣ “ለመውለድ ስል የሆርሞን መድኃኒቱን ባቋርጥ ካንሰሩ ይመለስብኛልን?” የሚል ነበር። የቦስተኗ ሐኪም አን ፓርትሪጅ የመሩትና እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ የታተመው ፖዚቲቭ የተሰኘው ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ42 ዓመት ያልበለጠ ከ500 በላይ ሴቶች መድኃኒቱን ቢያንስ ለ18 ወራት ከወሰዱ በኋላ እስከ ሁለት ዓመት እንዲያቋርጡ አድርጎ ተከታተላቸው። በሦስት ዓመት ውስጥ ካንሰር ዳግም የታየባቸው ከመቶ 8.9 ሲሆኑ፣ ለማነጻጸሪያ በተወሰዱት ባላቋረጡት ዘንድ ከመቶ 9.2 ነበር፤ የእርግዝና ክትትል ከተደረገላቸው 497 ሴቶችም 368ቱ አርግዘዋል። ሦስት ዓመት ለዚህ በሽታ አጭር ጊዜ ስለሆነ ክትትሉ መቀጠል አለበት፤ ቢሆንም በፊት በግምት ይመለስ የነበረው ጥያቄ አሁን በማስረጃ ይመለሳል።

ለኢትዮጵያ ጉዳዩ ይበልጥ ቅርብ ነው፤ ሕዝቧ ወጣት በመሆኑ የጡት ካንሰር ሕሙማኗም በአብዛኛው ከምዕራባውያኑ ያነሰ ዕድሜ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ በአዲስ አበባ በታከሙ 352 ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከሦስቱ የሁለቱ ያህል ካንሰር ኤስትሮጅን ተቀባይ መሆኑን፣ ማለትም ርካሽ በሆነው ታሞክሲፈን ሊታከም እንደሚችል አሳይቷል። መድኃኒቱ የሚረዳው ግን ታማሚዋ በጊዜ ስትደርስ ነው፤ ብዙዎቹ የሚመጡት ዕብጠቱ ስለማያምም ችላ ብለውት፣ ወይም ስሙን ፈርተው ደብቀውት፣ ከተሰራጨ በኋላ ነው። ታክማ የዳነች ወጣት በዕድርም ሆነ በጤና ጣቢያ ቆማ ስትናገር፣ ፍርሃቱን የማቅለል ኃይሏ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል። የካንሰር ዕቅድ የሚያወጡ ኃላፊዎችና ተመራማሪዎች፣ ለመናገር የፈቀዱትን እነዚህን ሴቶች ለምስክርነት ብቻ መጥራታቸውን ትተው፣ ውሳኔ በሚሰጥበት ጠረጴዛ ዙሪያ ወንበር ሊሰጧቸው ይገባል።