ሁለቱ ዜሮዎች

የአልበም ሽፋን ላይ ከግጥም፣ ከዜማና ከቅንብር ቀጥሎ «ሚክሲንግና ማስተሪንግ» የሚል መስመር እናነባለን። ሁለቱ ሥራዎች የሚገናኙበት ቦታ ላይ፣ የሙዚቃ መቅጃ ሶፍትዌሮች አንድ ማንሸራተቻ ያስቀምጣሉ፤ ማስተር ፌደር። የከበሮው፣ የክራሩ፣ የቤዙና የዘፋኙ ትራክ ተደምሮ ወደ ስፒከር ወይም ወደ ፋይል የሚወጣው በዚህ በር ነው። ጀማሪ ብዙ ጊዜ እንደ ሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ ይይዘዋል፤ ዘፈኑ ሲያንስበት ከፍ፣ ሲበዛበት ዝቅ ያደርገዋል። ይህ አያያዝ ጎጂ ነው። ማስተር ፌደር ዜሮው ላይ መቀመጥ አለበት፤ የድምፁ ልክ የሚስተካከለው ከእሱ በፊት፣ ትራኮቹ ላይ ነው።

ግራ መጋባቱ የሚመጣው ሁለት ነገሮች አንድ ቁጥር ስለተጻፈባቸው ነው። ፌደሩ አጠገብ ዜሮ አለ፤ ጎኑ ባለው ሜትር አናት ላይም ዜሮ አለ። የፌደሩ ዜሮ የመጣው ድምፅ ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት ያልፋል ማለት ነው። የሜትሩ ዜሮ ግን ጣሪያ ነው። ጣሪያነቱን ለማየት ፋይሉን ጠጋ ብሎ መመልከት ይበቃል። በሲዲ ላይ ሞገዱ በሴኮንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልኬት በ16 ቢት ቁጥር ይጻፋል፤ ሊጻፍ የሚችለው ትልቁ ቁጥር 32,767 ነው። ሞገዱ 40,000 ላይ ቢደርስ መመዝገቢያ ስለሌለው 32,767 ተብሎ ይቀራል፤ ቀጥሎ 45,000 ቢመጣም እንደዚያው፣ ከዚያ በኋላ 38,000 ቢመጣም እንደዚያው። ክብ የነበረው የሞገዱ አናት ተቆርጦ ሜዳ ይሆናል። ክሊፕ አደረገ የምንለው ይህንን ነው፤ ጆሮ ላይ የሚሻክረውም የተቆረጠው አናት ነው።

አንድም ትራክ ቀይ ሳያበራ ማስተሩ ቀይ የሚያበራበት ምክንያትም ከዚሁ ይገባናል። ከላይ የጠራናቸው አራት ትራኮች እያንዳንዳቸው ከጣሪያው 6 ዴሲቤል ዝቅ ብለዋል እንበል። 6 ዴሲቤል ዝቅ ማለት የጣሪያውን ግማሽ ያህል ማለት ነው። የአራቱም ጫፍ በአንድ ቅጽበት፣ በአንድ አቅጣጫ ቢገጥም አራት ግማሾች ተደምረው የጣሪያውን እጥፍ ይሆናሉ፤ ማስተሩ ከዜሮ በላይ 6 ያሳያል። ጥፋቱ የማንም ትራክ ለብቻው አይደለም፤ የድምሩ ነው። ስለዚህ አራቱንም እኩል ማውረድ ሚዛናቸውን ሳያናጋ ችግሩን ከሥሩ ያነሳዋል።

እዚህ ላይ ሶፍትዌሩን በደንብ የሚያውቅ ሰው ይሞግተኛል። የዛሬ ፕሮግራሞች ውስጣዊ ስሌታቸውን ቢያንስ በ32 ቢት ፍሎት ስለሚሠሩ ከዜሮ ያለፈው ድምፅ እዚያው ውስጥ ሳለ አይቆረጥም፤ ማስተሩን በ6 ዴሲቤል ማውረድና ትራኮቹን በሙሉ በ6 ማውረድ በሒሳብ አንድ ነው ይላል። ሒሳቡ ልክ ነው፤ የሚሠራው ግን ማስተሩ ላይ ከፌደሩ በፊት የሚቆም ፕለጊን፣ ማለትም ድምፁን የሚለውጥ ተጨማሪ መሣሪያ፣ ከሌለ ነው። ሎጂክ በተባለው ፕሮግራም ላይ የዋናው መውጫ፣ የስቴሪዮ አውት፣ ፕለጊኖች ከፌደሩ በፊት ይቆማሉ። እዚያ ኮምፕሬሰር፣ ማለትም ከፍ ያለውን ድምፅ የሚጨብጥ ፕለጊን፣ ካለ ከመጠን ያለፈው ድምር መጀመሪያ እሱን ያገኘዋል፤ ኮምፕሬሰሩ ከሚገባው በላይ ይጨብጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ፌደሩን ብናወርድ የምናገኘው ያው የተጨበጠ ድምፅ ነው፤ ልዩነቱ ማነሱ ብቻ ነው። ፕሮ ቱልስ የተባለው ፕሮግራም ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ የማስተር ፌደር ፕለጊኖች ከፌደሩ በኋላ ስለሚመጡ ፌደሩን በነካን ቁጥር ኮምፕሬሰሩ ላይ የሚደርሰው ድምፅ ይለወጣል። አንድ የእጅ እንቅስቃሴ በሁለት ፕሮግራም ሁለት የተለያየ ውጤት ይሰጣል። ማይክሮፎኑ ላይ፣ ገና ሲቀዳ የተቆረጠ ድምፅ ደግሞ በየትኛውም ፌደር አይመለስም።

ሌላው ፍርሃት ዝቅ አድርጎ መሥራት ጥራት ይቀንሳል የሚለው ነው። በ16 ቢት በሚቀዳበት ዘመን መሠረት ነበረው። እያንዳንዱ ቢት ወደ 6 ዴሲቤል ስለሚሰጥ 16 ቢት ወደ 96፣ 24 ቢት ደግሞ ወደ 144 ዴሲቤል ስፋት አለው። ዛሬ በ24 ቢት የሚቀዳ ሰው ከጣሪያው 12 ወይም 18 ዴሲቤል ዝቅ ቢል የክፍሉ የራሱ ጫጫታ እንኳ ከፋይሉ ወለል በላይ ይቀራል።

ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ «ታዲያ ዘፈኔ ከሌሎቹ ጎን ሲገባ አንሶ አይሰማም ወይ?» የሚለው ነው። ማን ይበልጥ ይጮኻል በሚለው ፉክክር ብዙ ሙዚቃ ተጎድቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የሜታሊካ ባንድ «ዴዝ ማግኔቲክ» አልበም ከመጨመቁ ብዛት የተነሳ አድማጮች በይፋ አማረሩ፤ በዚያው ዓመት ለጊታር ሂሮ የቪዲዮ ጨዋታ የቀረቡት ያው ዘፈኖች እምብዛም ስላልተጨመቁ ልዩነቱን ማንም አወዳድሮ መስማት ይችል ነበር። አሁን ስፖቲፋይ የዘፈኖችን አማካይ ድምቀት ሉፍስ በተባለው መለኪያ ለክቶ −14 ሉፍስ ወደሆነው መነሻ ልኩ ያቀራርባቸዋል፤ ከዚያ በላይ ተጨምቆ የመጣውን ራሱ ያወርደዋል። አናቱን ቆርጦ የተጨመረው ጩኸት ተመልሶ ይወሰዳል፤ የተቆረጠው አናት ግን አይመለስም። ድምቀት ካስፈለገም ሥራው ጫፎች ከተወሰነ ልክ እንዳያልፉ የሚይዘው የሊሚተር ነው፤ እሱም ከዜሮው 1 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ቢቆም ይሻላል፤ ፋይሉ ወደ ኤምፒስሪ ሲቀየር ጫፎቹ ከፍ ሊሉ ይችላሉና።

ድምፁን ለራስ ጆሮ ብቻ ከፍ ወይም ዝቅ ለማድረግ ከሆነ የሚነካው ሌላ ቦታ ነው፤ የሳውንድ ካርዱ የሞኒተር ቁልፍ ወይም ኪዩቤዝ በተባለው ፕሮግራም ላይ ኮንትሮል ሩም የሚባለው ክፍል። እነዚህ ስፒከሩን እንጂ የሚወጣውን ፋይል አይለውጡም። ማስተር ፌደሩን ከዜሮው ማንቀሳቀስ ተገቢ ሆኖ የማገኘው ዘፈኑ መጨረሻ ላይ ቀስ እያለ ሲጠፋ ነው። ያን ጊዜም ፕሮ ቱልስ ላይ የሚሠራ ሰው ኮምፕሬሰሩን አስቀድሞ ትራኮቹ ሁሉ ወደሚያልፉበት ኦክስ ትራክ ያዛውረው፤ አለዚያ ፌደሩ በወረደ ቁጥር ኮምፕሬሰሩ እጁን እየለቀቀ ይሄድና ዘፈኑ ከማነስ አልፎ መልኩም ይቀየራል።