የጌሻ ቡና፡- ከጥናታዊ ፊልም እስከ ራሱን የቻለ የንግድ ስም

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በምዕራብ ኦሞ ዞን፣ ከማጂና ከቱም ብዙ ሳይርቅ የሚገኘው የጌሻ አካባቢ ስሙን ለዓለም ገበያ ካበረከተ ሰነባብቷል። “ጌሻ” የተሰኘው የቡና ዝርያ በአሁኑ ወቅት እጅግ ከፍተኛ ዋጋ ከሚከፈልባቸው ቡናዎች ግንባር ቀደም ነው። ይሁን እንጂ ይህን ዋጋ ያስገኘው ቡና ለረዥም ጊዜ የበቀለው በትውልድ ስፍራው ሳይሆን በመካከለኛው አሜሪካ ነበር። ስሙን ከምድሩ ጋር መልሶ ያገናኘ የመጀመሪያው የታወቀ የንግድ ምልክትም የተወለደው ከቡና ነጋዴዎች ዘንድ ሳይሆን በቡና ፍቅር ከተያዙ ሁለት የፊልም ባለሙያዎች ነው።

የዘሩ ጉዞ የተጀመረው ከዚሁ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በማጂ የእንግሊዝ ቆንስላ ነበር። በዚያ ዘመን ከጌሻ ደን የተሰበሰበው የቡና ዘር ለምርምር ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የእንግሊዝ ግዛቶች ተላከ። በታንዛኒያ ከሚገኘው የሊያሙንጉ የምርምር ጣቢያም እ.ኤ.አ. በ1953 ወደ ኮስታሪካ ተሻገረ። የቅጠል ዋግ በሽታን በመቋቋሙ በ1960ዎቹ ለፓናማ ገበሬዎች ቢታደልም ቅርንጫፎቹ በቀላሉ የሚሰበሩ ስለነበሩ የወደደው ገበሬ ጥቂት ነበር። በጉዞው መካከል የስሙ አጻጻፍ በመለወጡም ቃሉ ጃፓንኛ የሚመስላቸው የውጭ አገር ሰዎች ዛሬም አይጠፉም።

ሁኔታው የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በፓናማ የሃሲየንዳ ላ ኤስሜራልዳ እርሻ ባለቤቶች የሆኑት የፒተርሰን ቤተሰብ አባላት በከፍታው ላይ ያሉትን ዛፎች ምርት ከሌላው ሳይቀላቅሉ ለየብቻ ቀመሱ። ከዚህም የአበባ መዓዛ ያለውን የጌሻን ቡና ለይተው ለውድድር አቀረቡ። በዚያው ዓመት በተካሄደው ጨረታ አንድ ፓውንድ፣ ማለትም ከግማሽ ኪሎ ግራም ጥቂት የሚያንስ፣ በ21 ዶላር ተሸጠ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ከዚያችው አገር ሌላ እርሻ የቀረበ የጌሻ ቡና በፓውንድ 1 ሺህ 29 ዶላር አወጣ። ዘሩ ለዘመናት የነበረ ሲሆን አዲሱ ነገር መለየቱ ነበር።

አሜሪካዊው የጥናታዊ ፊልም ባለሙያ አዳም ኦቨርተንና በትውልድ ኢትዮጵያዊት የሆነችው ባለቤቱ ራሔል ሳሙኤል ወደ ጉዳዩ የገቡት እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ ኢትዮጵያ ቡና ፊልም በመሥራት ላይ ሳሉ ነው። ሁለቱም የግብርና ሙያ አልነበራቸውም። ፊልሙ የቀሰቀሰባቸው ፍላጎት ግን የራሳቸውን ቡና ወደማልማት ሐሳብ አደረሳቸው። የጌሻን ዝርያ ምንጭ ሲፈልግ ከነበረው የቡና ባለሙያ ከቪለም ቡት ዘንድ ትምህርትና ምክር አገኙ። የጎሪ ጌሻን የዱር ቡና በአካል ካዩ በኋላም እ.ኤ.አ. በ2011 ከደኑ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኝ 471 ሔክታር መሬት ላይ “ጌሻ ቪሌጅ” የተሰኘውን እርሻ መሠረቱ።

የዘር መረጣው ሥራ ትዕግሥትን የጠየቀ ነበር። ከደኑ ከተሰበሰበው ዘር መካከል የዛፉ ቅርጽ፣ የፍሬው መጠንና ጣዕሙ በፓናማ ከሚታወቀው ጋር ይበልጥ የሚመሳሰለው ተመርጦ “ጌሻ 1931” ተባለ። የደኑን ልዩ ልዩ ዛፎች የያዘው “ጎሪ ጌሻ 2011” ሲባል፣ ሦስተኛው ከኢሉባቦር ደን የተገኘው ዝርያ ነው። ቡና ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ ከሦስት እስከ አራት ዓመት ስለሚወስድ ምርቱ እስኪደርስ ወጪ እንጂ ገቢ አይኖርም።

እርሻው ባንጊ፣ ኦማ፣ ዲማ፣ ሱርማ፣ ሻያ እና ሌሎችም የአካባቢ ስሞች በተሰጧቸው ስምንት ክፍሎች ተከፍሏል። ምርቱ በየክፍሉ፣ በየዝርያውና በአዘገጃጀቱ፣ ማለትም ታጥቦ ወይም ከነገለፈቱ ደርቆ፣ ለየብቻ ተይዞ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮም እርሻው የራሱን ጨረታ ማካሄድ ጀምሯል። ገዢው አስቀድሞ በሚላክለት ናሙና ቀምሶ ዋጋ ይሰጣል። የሚገዛውም የአካባቢን አጠቃላይ ቡና ሳይሆን ከየትኛው ማሳ እንደተለቀመ የሚታወቀውን ነው።

ይህ አሠራር በአገሪቱ የተለመደ አልነበረም። በ2000 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡናን በአካባቢና በደረጃ እየመደበ ያገበያይ ስለነበር የአንድ ገበሬ ቡና ከጎረቤቶቹ ጋር ተደባልቆ ስሙን ያጣ ነበር። ሥርዓቱ ለክፍያ ዋስትናና ለዋጋ መረጃ የሰጠው ጥቅም የሚካድ አይደለም። ልዩ ጣዕም ላለው ቡና ግን አልተመቸም። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኖችና የራሳቸውን ምርት የሚልኩ እርሻዎች ከዚህ ውጪ እንዲሸጡ የተፈቀደ ሲሆን፣ ጌሻ ቪሌጅን የመሰሉ እርሻዎች ስማቸውን ይዘው ገዢ ዘንድ መድረስ የቻሉት በዚህ መንገድ ነው። በ2009 ዓ.ም የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 የምርቱን ምንጭ ተከታትሎ ማወቅ የሚያስችለውን አሠራር አስፍቶታል።

ስምን በተመለከተ መታወቅ ያለበት አንድ ጉዳይ አለ። መንግሥት የይርጋጨፌን፣ የሲዳሞንና የሐረርን ስሞች በውጭ አገር በንግድ ምልክትነት ለማስጠበቅ ጥረት አድርጎ እ.ኤ.አ. በ2007 ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ከስምምነት ደርሷል። ጌሻ ግን ከቦታ ስምነቱ በተጨማሪ የዝርያ ስም ሆኖ በመላው ዓለም ስለተሰራጨ፣ ዘሩን የተከለ የኮሎምቢያም ሆነ የፓናማ አምራች በስሙ ይጠራበታል። ስለሆነም ለአካባቢው አምራች በቅርብ የሚገኘው መንገድ፣ በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የማኅበሩን ወይም የእርሻውን የራሱን መለያ ስም ማስመዝገብ ነው።

ባለ 471 ሔክታሩ እርሻ ካፒታልና የውጭ ገዢን ከሚያውቅ አማካሪ ጋር የጀመረ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። በጓሮው ጥቂት ዛፎች ያሉት የጌሻ ወይም የማጂ ገበሬ ብቻውን ጨረታ ሊያካሂድ አይችልም። በኅብረት ሥራ ማኅበር የተደራጁ ገበሬዎች ግን ቀይ ፍሬውን ብቻ ለቅመው፣ በአልጋ ላይ አድርቀውና የየቀበሌውን ምርት ሳይቀላቅሉ ለቅምሻ ማቅረብ ይችላሉ። ለዚህም ማድረቂያ አልጋ፣ የተለየ ማከማቻና ምንጩን የሚመዘግብ ሠራተኛ ያስፈልጋል።